300 ቲሸርትና 150 ሁዲ ማሠራት፦ ፋብሪካው «በቀለም ቢያንስ 1,000» ሲል ምን ይደረጋል?

ሰላም_ልብስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራው ይህ ነው፦ 300 ቲሸርት በ4 ቀለም፣ 150 ሁዲ በ2 ቀለም፣ አምስት ሳይዝ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ካሉ ፋብሪካዎች አንዱ «በቀለም ቢያንስ 1,000» ይላል። ሌላው «300ውን እሠራለሁ፣ ጨርቁን ግን እኔ ጋ ካለው ትመርጫለሽ» ይላል። ሦስተኛው ዋጋ ከመናገሩ በፊት ጂኤስኤሙ (የጨርቁ ክብደት በካሬ ሜትር) ስንት እንደሆነ ይጠይቃል።

ጥያቄዎቼ፦ ይህ ዝቅተኛ መጠን ከየት ይመጣል? ድርድር ይቻልበታል? የትዕዛዝ ወረቀቱ ላይ ስለ ጨርቁ ምን ይጻፋል? ናሙና ስንት ዙር ማየት ተገቢ ነው? ክፍያውስ እንዴት ይከፋፈላል? በሚቀጥለው ዓመት ከክር በቀጥታ የሚሠራ ሹራብም ለመጨመር አስቤያለሁ፤ እዚያው ፋብሪካ ይሠራል ወይ?

ቀለም_ቤት፦

እህቴ፣ አንቺ የምታስቢው በቁጥር ነው፣ ፋብሪካው የሚያስበው በኪሎ። የሹራብ ጨርቅ (ቲሸርትና ሁዲ የሚሠራበት ተለጣጭ ጨርቅ) ከክሩ ጀምሮ ቆረጣ ክፍል እስኪደርስ ድረስ የሚመዘን እንጂ የሚቆጠር ነገር አይደለም። ስለዚህ ከመደራደርሽ በፊት ትዕዛዝሽን ወደ ኪሎ ለውጪው።

ለቲሸርት የተለመደው ስሌት ይህ ነው፦ የአካሉን ርዝመት፣ የእጅጌውን ርዝመትና የስፌት ትርፍ ደምሪ። ድምሩን በግማሽ ደረት (ከነትርፉ) አባዢ፣ ከዚያ በ2፣ ከዚያ በጂኤስኤሙ። የመጣውን ለ10,000,000 ብታካፍዪ ኪሎ ይሆናል። ለአንድ መካከለኛ ሳይዝ 72 + 22 + 10 = 104 ሴ.ሜ፤ ግማሽ ደረት 54 + 4 = 58 ሴ.ሜ፤ ጨርቁ 160 ጂኤስኤም ቢሆን 193 ግራም ገደማ ይወጣል። የቆረጣ ብክነት 10 በመቶ ጨምሪበት፣ 212 ግራም።

አሁን 300 ቲሸርት በ4 ቀለም ማለት በቀለም 75፣ ማለትም 16 ኪሎ ጨርቅ ነው። 100 ወይም 250 ኪሎ የሚይዝ ማቅለሚያ ማሽን ውስጥ 16 ኪሎ ሲገባ የውሃና የጨርቁ ምጣኔ ይበላሻል፣ በላቦራቶሪ የጸደቀው ቀለም አይመጣም። ማሽኑ ደግሞ ባዶውንም ሆነ ሞልቶ ለጥቁር ቀለም ከ6 እስከ 10 ሰዓት ይሠራል፤ እንፋሎቱና ሠራተኛው ያው ነው። «1,000» ያለሽ ፋብሪካ 212 ኪሎ ማለቱ ነው፤ ማሽኑን የሚሞላለትን እየነገረሽ ነው እንጂ እየናቀሽ አይደለም። ድርድር የሚቻለውም በዚሁ መንገድ ነው። «የሚያቀልመው ትንሹ ማሽናችሁ ስንት ኪሎ ይይዛል?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ቦታ ለናሙና የሚሆን ከ20 እስከ 50 ኪሎ የሚይዝ ማሽን አለ፤ በኪሎ ዋጋው ከፍ ይላል ግን ይሠራል።

ሁዲው ይሻላል። 300 ጂኤስኤም ፍሊስ (ውስጡ ለስላሳ የሆነ ወፍራም ጨርቅ) ሆኖ አንዱ ከነብክነቱ 0.75 ኪሎ ገደማ ይፈጃል። በቀለም 75 ሁዲ 56 ኪሎ ነው።

ዝም_ያለ፦

ለምን ትደክማላችሁ፣ ከኢስታንቡሉ የጨርቅ ሰፈር ከመርተር የተቀለመ ጨርቅ በሮል ግዙ። አንድ ሮል 20 ምናምን ኪሎ፣ ወደ 100 ቲሸርት ይወጣዋል። አለቀ።

ቀለም_ቤት፦

@ዝም_ያለ ለመጀመሪያው ዙር ትክክል ነህ፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ግን ያው ቀለም፣ ያው ክብደት መደርደሪያው ላይ ላይገኝ ይችላል። ደንበኛ በጥር የገዛውን ጥቁር ሰማያዊ በግንቦት ሲደግም የተለየ ሰማያዊ ይደርሰዋል። ከጉምሩኩና ከውጭ ምንዛሪው ጋር አስላው።

ለጠያቂዋ ሦስት መውጫ አለ። አንደኛው ቀለም መቀነስ ነው፦ 4ቱን ወደ 2 ብታወርጂ በቀለም 32 ኪሎ ይሆናል። ሁለተኛው ቲሸርቱንና ሁዲውን በአንድ ቀለም ማቀድ ነው፤ ይህ ግን ጨርቁ አንድ ዓይነት ካልሆነ በአንድ ገንዳ አይቀለምም፣ ፖሊስተር ያለበት ፍሊስ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቀለም ይፈልጋል። ሦስተኛው ሜላንጅ ግራጫ ነው። እሱ የሚቀለመው ጥጡ ከመፈተሉ በፊት ስለሆነ ማቅለሚያ ማሽን አያስፈልገውም፣ ታጥቦና ተስተካክሎ ብቻ ይወጣል። ፋብሪካው «እኔ ጋ ካለው» ሲልሽ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ፣ ጥቁርና ግራጫ ሜላንጅ ማለቱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሺ፣ ሪቡ (ተለጣጩ የጠርዝ ጨርቅ)! የአንገቱ፣ የእጅጌ ጫፉና የወገቡ ሪብ ከአካሉ ጨርቅ ጋር በአንድ ገንዳ ይቀለም። ለቲሸርት ከጨርቁ ክብደት ከ3 እስከ 4 በመቶ፣ ለሁዲ ከ8 እስከ 10 በመቶ ይበቃል። በኋላ «ሪብ አነሰን» ተብሎ ለብቻው የተቀለመ ሪብ ከአካሉ ጋር አይመሳሰልም፤ ቢሮ መብራት ስር ተመሳስሎ ፀሐይ ላይ ይለያል።

ክር_በቁጥር፦

«ጂኤስኤም ስንት?» ለሚለው። በአንድ ካሬ ሜትር ስንት ግራም ማለት ነው። መለኪያው ቀላል ነው፦ 100 ካሬ ሴንቲሜትር የሚቆርጥ ክብ መቁረጫ አለ፣ ቁራጩን በሚዛን መዝነሽ በ100 ታባዢዋለሽ። 1.6 ግራም ካለ 160 ነው። ከሮሉ ጠርዝ ሳይሆን ከመሃልና ከሁለቱ ጎኖች ሦስት ቦታ ቁረጪ፣ ጠርዙ ይዋሻል።

«ጥሩ ጥጥ፣ ወፈር ያለ» ብሎ መጻፍ ለጠብ መጋበዝ ነው። የጨርቁ መስመር እንዲህ መምሰል አለበት፦ 100 በመቶ ጥጥ፣ ኮምብድ የሚባለው የተበጠረ ክር፣ በሪንግ የተፈተለ፣ ቁጥር 30 ነጠላ፣ ሲንግል ጀርሲ (ተራው የቲሸርት ጨርቅ)፣ 160 ጂኤስኤም ከ5 በመቶ ያልበለጠ ልዩነት፣ ከመታጠቡ በፊት የተለካ፣ ኮምፓክት የተደረገ (በኋላ እንዳያጥር በማሽን የተሰበሰበ)፣ ከታጠበ በኋላ በርዝመትም በወርድም ከ5 በመቶ በላይ የማያጥር፣ ከ5 በመቶ በላይ የማይጠመዘዝ።

«ከመታጠቡ በፊት» የሚለውን አትዝለዪው። 160 የነበረ ጨርቅ በሁለቱም አቅጣጫ 5 በመቶ ቢያጥር ከታጠበ በኋላ 177 ይመዝናል። አንቺ የታጠበውን፣ ፋብሪካው ያልታጠበውን ለክቶ ሁለታችሁም «ልክ ነኝ» ትላላችሁ።

ክሩንና ክብደቱን አጣጥሚ። ቁጥር 30 ለ140 እስከ 160፣ ቁጥር 24 ለ170 እስከ 190 አካባቢ ይመቻል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ክሩ ይወፍራል። በቁጥር 30 ነጠላ ክር 200 ጂኤስኤም ጀርሲ ሲጠየቅ ፋብሪካው «እሺ» ይልና ጨርቁን አጥብቆ ይሠራዋል፤ እንደ ካርቶን ደረቅ ያለ፣ መርፌ የሚቆርጠው ጨርቅ ይወጣል። አለበለዚያ በስፋት ሰብስቦ ክብደቱን ያመጣልሽና መጀመሪያ የታጠበ ዕለት ልብሱ ቅርጹን ያጣል።

ክሩ ከአንድ ሎት (በአንድ ጊዜ ከተመረተ ክር) መሆኑንም አስጽፊ። የሁለት ሎት ክር ጨርቁን በሚሠራው ክብ ማሽን ላይ ሲደባለቅ ገና ባልተቀለመው ጨርቅ ላይ አይታይም፤ ሲቀለም ግን አግድም አግድም መስመር ያወጣል። ባሬ ይሉታል፣ ፈውስ የለውም።

ሰላም_ልብስ፦

በጣም አመሰግናለሁ። ማጠሩንና መጠምዘዙን ያለ ላቦራቶሪ መፈተሽ ይቻላል?

ክር_በቁጥር፦

ይቻላል። 50 በ50 ሴ.ሜ ጨርቅ ቁረጪ፣ ውስጡ 35 በ35 ካሬ በማይለቅ ቀለም አስምሪ፣ የትኛው ርዝመት የትኛው ወርድ እንደሆነ ጻፊበት። ደንበኛሽ በሚያጥብበት መንገድ፣ በ40 ዲግሪ ሦስት ጊዜ አጥበሽ አድርቂና ለኪ። 35ቱ 33.25 ከሆነ 5 በመቶ አጠረ። ለውጭ ገበያ ከሆነ አይኤስኦ 6330 የሚለውን የእጥበት ፍተሻ ደረጃ አስጽፊ፤ የማጠቢያውንም የማድረቂያውንም ዓይነት ጥቀሺ፣ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። በመዘርጋት የደረቀና በማሽን ተንከባሎ የደረቀ ጨርቅ ልዩነታቸው ትልቅ ነው።

መጠምዘዝ የሚለካው በተሰፋ ልብስ ላይ ነው። ታጥቦ ሲደርቅ የጎኑ ስፌት ታች ወገቡ ጋ ስንት ሴንቲ ወደ ፊት እንደዞረ ለክተሽ ለጎኑ ርዝመት አካፍዪ። የጎን ስፌት 45 ሴ.ሜ ሆኖ 4 ሴ.ሜ ከዞረ ወደ 9 በመቶ ነው፣ አትቀበዪው። መነሻው ክሩ ውስጥ ያለው ጥምዝ ስለሆነ ስፌት ክፍሉን መቆጣት አያስተካክለውም።

ፓተርን_ሠሪው፦

የማጠሩ ቁጥር ለእኛ ነው የሚያስፈልገው። ጨርቁ 5 በመቶ በርዝመት የሚያጥር ከሆነ 72 ሴ.ሜ ቲሸርት እንዲቀር ፓተርኑ 72 ሲካፈል ለ0.95፣ ማለትም 75.8 መሆን አለበት። ቁጥሩ ሳይታወቅ የተሠራ ፓተርን ግምት ነው።

ናሙና ላይ ብራንዶች የሚያጠፉት እዚህ ነው፦ የመጀመሪያው ናሙና የሚሰፋው እጅ ላይ ባለ ሌላ ጨርቅ ነው። እሱን ለብሰው ልክ ያጸድቃሉ። ምርቱ በሌላ ጨርቅ ሲመጣ ደረቱ ይጠባል ወይ ይለጠጣል። በምትክ ጨርቅ የተሠራ ናሙና ቅርጽ ለማየት ብቻ ነው፤ ልክ የሚጸድቀው በራሱ ጨርቅ ነው።

ዙሮቹ በሥርዓቱ የመጀመሪያ ናሙና፣ የልክ ናሙና፣ የሳይዞች ስብስብ፣ ከዚያ ፒፒ የሚባለው ከምርት በፊት የሚጸድቀው ናሙና ናቸው። ፒፒው በተቀለመው የምርት ጨርቅ፣ በእውነተኛው ሌብል፣ በእውነተኛው ዚፕና ገመድ መሰፋት አለበት። ሦስት ይሠራ፦ አንዱ መስመሩ ላይ ይንጠልጠል፣ አንዱ ካንቺ ጋር፣ አንዱ ጥራት ከሚያየው ሰው ጋር ይሁን። ሦስቱም ላይ ሁለታችሁ ፈርሙ።

የልክ ሰንጠረዡ ላይ የሚፈቀደው ልዩነት ይኑር፦ ግማሽ ደረት 1 ሴ.ሜ ወደ ላይም ወደ ታችም፣ ርዝመት 1፣ አንገት ስፋት 0.5። ከየት እስከ የት እንደሚለካም ይሳል። «ርዝመት» ከትከሻው ጫፍ አንገት ጋ ወይስ ከኋላ አንገት መሃል? ሁለቱ መሃል 2 ሴንቲ ይጠፋል።

ኮስቲንግ፦

ከፓተርን ሠሪው ጋር እዚህ ላይ አልስማማም። ለ300 ቲሸርት አራት ዙር ናሙና የሚጠይቅ ብራንድ ፋብሪካው ውስጥ ስሙ ይያዛል፣ በሁለተኛው ትዕዛዝ «መስመር የለንም» ይባላል። ለቀላል ቲሸርት የልክ ናሙናና የሳይዝ ስብስቡ አንድ ላይ ይታዩ፣ ሦስት ሳይዝ ብቻ ይሠራ። ከዚያ ፒፒ። ሁለት ዙር። ናሙናውንም ክፈሉ፤ ትዕዛዙ ሲገባ ይታሰብላችሁ ብሎ መደራደር ይቻላል። ነፃ ናሙና የሚያገኝ ሰው የመጨረሻው ወረፋ ላይ ነው።

ዋጋውን ደግሞ በጥቅል አትጠይቁ። «ቲሸርቱ ስንት?» ለሚል ጥያቄ መልሱ መከላከያ የተጨመረበት ቁጥር ነው። ተከፋፍሎ ይምጣ፦ ክር በኪሎ፣ ክሩን ጨርቅ የማድረጉ ሥራ በኪሎ፣ ማቅለም በኪሎ፣ ቆረጣና ስፌት፣ ህትመት፣ ሌብልና ማሸጊያ፣ ትርፍ።

ኪሎው ላይ ብክነት አለ፣ ማጭበርበር እንዳይመስላችሁ። 212 ኪሎ ያለቀለት ጨርቅ ለማግኘት ማቅለሚያው ውስጥ 8 በመቶ፣ ክብ ማሽኑ ላይ 1 በመቶ ቢጠፋ 233 ኪሎ ገደማ ክር ይገዛል። ነጭ ከጥቁር ይረክሳል፤ ጥቁር ብዙ ቀለምና ብዙ እጥበት ይበላል። አራቱን ቀለም በአንድ ዋጋ የሚሰጥ ሰው አማካይ ወስዶ ነው፣ ነጩ ላይ ትርፍ ከፍለሻል።

ስፌቱ የሚሰላው በደቂቃ ነው። ቀላል ቲሸርት 7 ደቂቃ ገደማ፣ ፖሎ እጥፉ ነው። 30 ሰው ያለው መስመር በ8 ሰዓት፣ በ45 በመቶ ብቃት ወደ 925 ቲሸርት ያወጣል። ስለዚህ የአንቺ 300 የቀኑ ሲሶ ነው። ማሽን አዙሮ፣ ክር ቀይሮ፣ መስመሩ እስኪለምድ ግማሽ ቀን ይሄዳል፤ የሚያስከፍሉሽም ይህንኑ ነው። ለዚህ ነው አንድ ቅርጽ በሁለት ቀለም ከሁለት ቅርጽ በአንድ ቀለም የሚረክሰው።

ሌላም አለ። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን ማቅለሚያው፣ ዚፑ፣ ብዙ ጊዜም ክሩ ከውጭ የሚመጣበት ፋብሪካ የሰጠውን ዋጋ ለረጅም ጊዜ መያዝ አይችልም። ዋጋው ለስንት ቀን እንደሚጸና ይጻፍ። ምንዛሪው ከዚህ በላይ ከተንቀሳቀሰ የቱ ክፍል ብቻ እንደሚስተካከል ይጻፍ፦ ክሩና ኬሚካሉ ይስተካከል፣ ስፌቱ አይነካ።

ቆረጣ_ክፍል፦

ጨርቁ ከማጠናቀቂያው ወጥቶ ወዲያው አይቆረጥም። ሮሉ ተፈትቶ ልቅ ተዘርግቶ 24 ሰዓት ይረፍ፤ ላይክራ ያለበት ከሆነ ከዚያም በላይ። ተወጥሮ የተቆረጠ ጨርቅ መቀሱ ከተነሳ በኋላ ራሱን ይሰበስባል፣ ኤም የተባለው ኤስ ሆኖ ይገኛል። የመላኪያ ቀን ሲቃረብ መጀመሪያ የሚዘለለው ይህ ዕረፍት ነው። ስለዚህ ትዕዛዙ ላይ «24 ሰዓት ያረፈ» ብለሽ ጻፊ፣ የቆረጣውን ቀን ጠይቀሽ ቅጂ።

መርፌው ጫፉ ክብ የሆነው ይሁን፣ ለቀጭን ጀርሲ ቁጥር 9 ወይም 11። ሹል መርፌ ክሩን ይበጥሰዋል፤ ቀዳዳው የሚታየው ፋብሪካ ውስጥ ሳይሆን ከሁለት እጥበት በኋላ ነው። ስትፈትሺ የትከሻውን ስፌት በሁለት እጅ ወጥረሽ ወደ ብርሃን ያዢው።

አንገቱ፦ ሪቡ ከአንገቱ ቀዳዳ ከ80 እስከ 85 በመቶ ርዝመት ይኑረው። ከዚያ በላይ ሲረዝም ይዝላል፣ ሲያጥር ይጨማደዳል። ከኋላ ትከሻ እስከ ትከሻ ቴፕ ይሰፋ፣ አለበለዚያ በመስቀያ ላይ ትከሻው ይወርዳል።

ህትመት ካለ አስቀድመሽ ተናገሪ። የተቆረጠ የደረት ክፍል ላይ የሚታተም ከሆነ፣ ፕላስቲዞል ቀለም በ160 ዲግሪ አካባቢ ሲደርቅ ጨርቁ በሙቀቱ ይሰበሰባል። ስለዚህ ክፍሉ በሰፊው ይቆረጥ፣ ይታተም፣ ከዚያ በፓተርኑ ይስተካከል። ፖሊስተር ያለበት ፍሊስ ላይ ደግሞ ሙቀቱ የጨርቁን ቀለም ወደ ህትመቱ ይስበዋል፦ ቀይ ሁዲ ላይ የታተመ ነጭ ጽሑፍ በሳምንቱ ሮዝ ይሆናል። በዝቅተኛ ሙቀት የሚደርቅ ቀለም ይጠየቅ፣ የታተመው ናሙናም ከመጽደቁ በፊት ጥቂት ቀን ይቆይ።

12_ጌጅ፦

በመጨረሻ ስለጠየቅሽው ሹራብ ልመልስ። ቲሸርት የሚሠራ ቤት ሹራብ አይሠራም፣ ማሽኑም ሙያውም ሌላ ነው። ቲሸርት ከክብ ማሽን በሚወጣ ጨርቅ ተቆርጦ ይሰፋል፤ ሹራብ ግን ፊቱ፣ ጀርባውና እጅጌው በጠፍጣፋ ማሽን ቅርጹን ይዞ ይወጣል፣ ከዚያ አንገቱ በሊንኪንግ ማሽን ዘለበት በዘለበት ይጋጠማል። ጌጅ ማለት በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው የመርፌ ብዛት ነው። 3 እና 5 ወፍራም፣ 7 መካከለኛ፣ 12 እና 14 ቀጭን። አንድ ማሽን ጌጁ በቀላሉ አይቀየርም፤ ፋብሪካው ያለው 7 ጌጅ ብቻ ከሆነ ቀጭን ሹራብ ከሱ አትጠብቂ።

እዚህ ዋጋውን የሚወስኑት ግራሙና የማሽን ደቂቃው ናቸው። የወንድ ኤም በ12 ጌጅ ከ300 እስከ 350 ግራም፣ በ7 ጌጅ ከ450 እስከ 550 ግራም ክር ይፈጃል። ተራ 12 ጌጅ ከ40 እስከ 60 ደቂቃ ማሽን ላይ ይቆያል፤ የተጠላለፈ የገመድ ዲዛይን ስትጨምሪ ደቂቃው እጥፍ ይሆናል። 50 ደቂቃ የሚወስድ ሹራብ አንድ ማሽን በ20 ሰዓት 24 ብቻ ያወጣል። ስለዚህ «ስንት ማሽን በየትኛው ጌጅ አላችሁ?» የሚለው ጥያቄ «መቼ ይደርሳል?» ከሚለው ይቀድማል።

የማሽኑ ፕሮግራም የማን ነው የሚለውንም ተስማሙ። በጃፓኑ ሺማ ሴይኪ የተሠራ ፋይል በጀርመኑ ሽቶል ላይ አይሠራም፤ ፋብሪካ ስትቀይሪ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ተከፍሎበት ይሠራል።

ለመጀመሪያ ሙከራ ግን የተማሪ ሹራብ የሚሠሩት ትናንሽ ቤቶች ጋ በእጅ የሚገፋ ጠፍጣፋ ማሽን አለ፤ 50 ፍሬም ይቀበላሉ፣ ክሩ አብዛኛውን ጊዜ አክሪሊክ ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ አትሂጂ፣ ዩኒፎርም ላይ ናቸው። አክሪሊክ ሹራብ ላይ የሚበላሸው የእንፋሎት ካውያው ነው፦ ከበዛበት ክሩ ይሞታል፣ ሹራቡ ይለጠጥና አይመለስም። ልኩ ከታጠበና ከተተኮሰ በኋላ ይለካ፤ ከማሽን የወጣውን ክፍል ደግሞ በሴንቲ ሳይሆን በሚዛን ተቆጣጠሩት። ጀርባው በናሙናው 110 ግራም ከነበረና በምርቱ 102 ከሆነ ዘለበቱ ጠብቋል ማለት ነው።

ፍራንክፈርት_ሀበሻ፦

ከውጭ ለሚያሠሩ። ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚገባ የጥጥ ቲሸርት መደበኛ ቀረጡ 12 በመቶ ነው፤ ከኢትዮጵያ ሲሆን «ከመሣሪያ በስተቀር ሁሉም» በሚባለው ዕድል ያለ ቀረጥ ይገባል። ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዚህ ቆርጦ መስፋት ይበቃል፣ ጨርቁ ከሌላ አገር ቢመጣም። ጭነቱ ከ6,000 ዩሮ በላይ ከሆነ ላኪው ሬክስ በሚባለው የላኪዎች መዝገብ ውስጥ የተመዘገበ መሆን አለበት። ፋብሪካው የሬክስ ቁጥር እንዳለው ቅድመ ክፍያ ከመላኩ በፊት ይጠየቅ፣ ዕቃው ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ አይደለም።

ወደ አሜሪካ ግን ኢትዮጵያ ከጥር 1 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከአጎዋ (ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድል) ውጪ ሆነች። የጥጥ ቲሸርት መደበኛ ቀረጥ 16.5፣ የሰው ሠራሽ ክር ሹራብ 32 በመቶ ነው፤ ከላዩ የሚደረቡ ታሪፎችን የጉምሩክ ወኪል ይንገራችሁ። ሌብሉ ላይ የክሩ ዓይነት በመቶኛና የተሠራበት አገር ከሌለ ዕቃው ሊያዝ ይችላል። «ጥጥ» ብሎ ጽፎ 80/20 (20 በመቶ ፖሊስተር ያለበት) ፍሊስ መላክ ቀልድ አይደለም።

ጥራት_አይ፦

ፍተሻ ላይ አጭር ላድርገው። ሦስት ጊዜ ይታይ፦ ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት፣ የመጀመሪያው 10 በመቶ ከተሰፋ በኋላ፣ በመጨረሻ ከታሸገ በኋላ። ገንዘብ የሚያድነው የመጀመሪያው ነው፤ የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስም።

የመጨረሻው በአይኤስኦ 2859-1 ሰንጠረዥ ይሄዳል። ለ300 ቲሸርት 50 በዘፈቀደ ይወጣሉ። ከባድ ጉድለት በ2.5 የተቀባይነት መጠን (ኤኪውኤል) እስከ 3 ይፈቀዳል፣ አራተኛው ሲገኝ ይወድቃል፤ ቀላል ጉድለት በ4.0 እስከ 5። ለ150 ሁዲ 20 ይወጣሉ፣ 1 ከባድና 2 ቀላል ይፈቀዳል። ከባዱ ምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጻፉ፦ ቀዳዳ፣ የዘይት መስመር፣ የተበጠሰ ስፌት፣ ከልዩነቱ ያለፈ ልክ፣ አንድ ልብስ ላይ ሁለት ዓይነት ቀለም። ካርቶኖቹን ራሳችሁ ምረጡ፣ «እነዚህን እዩ» ተብሎ የቀረበውን ብቻ አትዩ።

ቀለም በቀን ብርሃን መብራትና በሱቅ መብራት፣ ማለትም በዲ65 እና በቲኤል84፣ በሁለቱም ይታይ። ጥቁር ላይ እውነተኛ ሁኑ፦ ደረቅ መፈተግ (ቀለሙ ሲታሽ አለመልቀቁ) ከ5 ነጥብ 4 ይጠየቅ፣ እርጥብ መፈተግ ግን በሪአክቲቭ ቀለም በተቀለመ ጥቁር ጥጥ ላይ 2-3 የተለመደ ነው። እርጥብ 4 ብሎ የጻፈ ብራንድ ፋብሪካው እንዲዋሽ እያስገደደው ነው።

ኮስቲንግ፦

ክፍያው ቀረ። ጨርቁ ከዋጋው ከግማሽ በላይ ስለሆነ 30 በመቶ ቅድመ ክፍያ ፋብሪካውን ክር አያስገዛውም፣ ትዕዛዝሽ ጥግ ይቀመጣል። 40 ክር ሲገዛ፣ 30 የተቀለመው ጨርቅ ተፈትሾ ሲጸድቅ፣ 30 ከመጨረሻው ፍተሻ በኋላ ዕቃው ሳይወጣ። እያንዳንዱ ክፍያ በቀን ሳይሆን በደረጃ ይታሰር።

ጊዜውን በግምት፦ የላቦራቶሪ ቀለም ናሙና አንድ ሳምንት፣ ክብ ማሽን ከ3 እስከ 5 ቀን፣ ማቅለምና ማጠናቀቅ ከ7 እስከ 10፣ ፍተሻና ፒፒ አንድ ሳምንት፣ ቆረጣና ስፌት ከ7 እስከ 10፣ ህትመትና ማሸግ ጥቂት ቀን። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያዢ። ማቅለሚያው መሃል መብራት ጠፍቶ የተቋረጠ ገንዳ ብዙ ጊዜ እንደገና ይቀለማል ወይ ወደ ጥቁር ይዞራል፤ ጄኔሬተሩ ማቅለሚያውን ይይዛል ወይስ ስፌቱን ብቻ ብለሽ ጠይቂ። የላቦራቶሪ ቀለሙን አንቺ ዘግይተሽ ብታጸድቂ ያ የራስሽ ቀን ነው፣ ከፋብሪካው አትቀንሺው።

ሰላም_ልብስ፦

ተባረኩ። ቲሸርቱን ወደ ጥቁርና ግራጫ ሜላንጅ አወረድኩት፣ 150 በቀለም። ሁዲው ጥቁር ብቻ ሆነ፣ 112 ኪሎ ገደማ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ የሚተርፈው ጨርቅና ያልተስማማው ልብስ የማን ነው?

ኮስቲንግ፦

ካልተጻፈ የፋብሪካው ይሆናል፤ መርካቶ ላይ ስምሽን የለበሰ ቲሸርት በሲሶ ዋጋ ታገኚዋለሽ። ሁለት መስመር ጨምሪ። አንደኛ፣ ከ3 ኪሎ በላይ የተረፈ ጨርቅ ወይ ይመለሳል ወይ በኪሎ ዋጋው ከመጨረሻው ክፍያ ይቀነሳል። ሁለተኛ፣ የሚላከው ከታዘዘው 3 በመቶ ቢበዛ ወይ ቢያንስ ይፈቀዳል፣ ከዚያ በላይ የተሰፋውን የመግዛት ግዴታ የለብሽም።

ጥራት_አይ፦

ሦስተኛም አለ። ውድቅ የሆነው ልብስ ከመሸጡ በፊት የአንገቱ ሌብል ይቆረጥ። ሌብሉን ደግሞ ቆጥረሽ ስጪ፦ ለ450 ልብስ 470፣ ተፈርሞ። የተሰፋው፣ የተበላሸውና የቀረው ተደምሮ 470 ካልሞላ የጎደለው የት እንደሄደ የመጨረሻውን 30 በመቶ ከመክፈልሽ በፊት ይጠየቅ።